መቶ ዓመት የፈጀው የመጠን ስህተት፦ ስዊዘርላንድና እንቅርት

መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። ተረቱን ስንጠቅስ ቀልባችን ያለው ጆሮ ደግፉ ላይ ነው። እንቅርቱ እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። የዛሬው ጽሑፍ ግን ስለ እንቅርቱ ነው። ስለ አንድ ሰው ሳይሆን ስለ አንድ አገር እንቅርት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ስዊዘርላንድ ሲባል ትዝ የሚለን ሰዓት፣ ቸኮሌትና ባንክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአልፕስ ሸለቆዎች ያለፈ መንገደኛ ግን አገሩን የሚያስታውሰው በሌላ ነገር ነበር፤ በሰዎቹ አንገት። በ1880ዎቹ ቴዎዶር ኮኸር የተባለ ቀዶ ሐኪም በበርን ካንቶን የተማሪዎችን አንገት አስመረመረ። (ካንቶን የራሱ መንግሥትና ሕግ ያለው የአገሪቱ ግዛት ነው።) ውጤቱ እንደየቦታው ይለያያል። እንቅርት ያለባቸው ተማሪዎች አንዳንድ ቦታ 20 በመቶ ነበሩ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ 100 በመቶ። አዎ፣ ክፍሉ ሙሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ቀጭን አንገት ያለው ልጅ ነው የሚገርመው። ችግሩ በባሰባቸው አካባቢዎች ከወጣት ወንዶች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በትልቅ እንቅርት ምክንያት ለውትድርና ብቁ አይደሉም ተብለው ይመለሱ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን እንቅርቱ አልነበረም። ከ1000 ሰው ወደ 5 የሚጠጉት ክሬቲኒዝም የሚባለው ችግር ነበረባቸው። ቁመታቸው ያጠረ፣ አእምሯቸው ያልዳበረ፣ ብዙዎቹም መስማትና መናገር የተሳናቸው ነበሩ። በየመንደሩ ነበሩ። ሰዉ እንደ እግዜር ቁጣ፣ እንደ ዘር እርግማን፣ እንደ መጥፎ አየር ይቆጥረው ነበር።

ነገሩ እንዲገባን ስለ ታይሮይድ ትንሽ እናውራ። ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ አንገት ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ ነው። ቲ4 እና ቲ3 የሚባሉ ሆርሞኖችን ይሠራል። ቁጥሮቹ ሌላ ምስጢር የላቸውም፤ በእያንዳንዱ ሆርሞን ውስጥ ያሉት የአዮዲን አተሞች ብዛት ናቸው። ስለዚህ አዮዲን ከሌለ ሆርሞኑ አይሠራም። ዱቄት ሳይኖር ዳቦ እንደመጋገር ነው።

አዮዲን ሲያንስ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ ቲኤስኤች የሚባል ሆርሞን ትልካለች። «ሥራ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» እንደማለት ነው። ታይሮይዱ ጥሬ ዕቃ የለውም። ያለው አማራጭ መስፋት ነው። እየሰፋ፣ ሴሎቹን እያበዛ፣ በደም የምታልፈውን እያንዳንዷን የአዮዲን ቅንጣት ለመያዝ ይጥራል። እንቅርት የምንለው ይህንኑ ጥረት ነው። እናም ዕጢው ሰነፈ ማለት አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ እየለፋ ነው።

ልፋቱ ለአዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለጽንስ ግን አይበቃም። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንሱ የራሱ ሆርሞን የለውም፤ ከእናቱ ነው የሚያገኘው። አንጎሉ የሚገነባውም በእናቱ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። እናት ክፉኛ አዮዲን ካጣች ጉዳቱ ከተወለደ በኋላ በምንም መድኃኒት አይመለስም። ክሬቲኒዝም ማለት ይኸው ነው።

የሚያስገርመው የሚፈለገው መጠን ነው። ለአንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም ይበቃል። ለነፍሰ ጡር 250 ይመከራል። ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። የ70 ዓመት ዕድሜ አዮዲን ቢደመር 4 ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ይህን ቁጥር ያዙት፤ የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነው።

ታዲያ ስዊዘርላንዶች ይህችን ታህል ለምን አጡ? የምድር አዮዲን አብዛኛው ያለው ባሕር ውስጥ ነው። ከባሕር ወደ አየር ይወጣል፣ በዝናብ ተመልሶ አፈር ላይ ያርፋል። በተራራማ አገር ግን የጥንት የበረዶ ግግርና የዘመናት ጎርፍ የላይኛውን አፈር ጠርገው ወስደውታል። አፈሩ ከሌለው ሳሩም የለው፣ ከብቱም የለው፣ ወተቱም የለው። በገዛ ማሳው የሚኖር ገበሬ ጠግቦ እየበላ ይራባል። በነገራችን ላይ «የባሕር ጨው ከተጠቀምኩ አዮዲን አገኛለሁ» የሚል ሰው ይገጥማችሁ ይሆናል። አያገኝም። ባሕሩ አዮዲን ቢኖረውም ደርቆ የሚቀረው ጨው ውስጥ ያለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አሁን ወደ ስህተቱ እንምጣ። አዮዲን በ1811 ፈረንሳይ ውስጥ ተገኘ። በርናር ኩርትዋ የሚባል ሰው ለባሩድ የሚሆን ግብዓት ከባሕር አረም አመድ ሲያወጣ ድንገት ሐምራዊ ጭስ አየ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1820፣ የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኩዋንዴ አንድ ነገር አሰበ። የተቃጠለ ስፖንጅ ከጥንት ጀምሮ የእንቅርት መድኃኒት ነው። ስፖንጅ የባሕር ፍጡር ነው። ታዲያ የሚያድነው ውስጡ ያለው አዮዲን ቢሆንስ? አዮዲኑን በአልኮል በጥብጦ ለታካሚዎቹ ሰጠ። እንቅርታቸው ቀነሰ።

መልሱ በ1820 ተገኝቶ ነበር ማለት ነው። ግን ኩዋንዴ የሰጠው ሰውነት ከሚፈልገው በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ዝናው ሲሰማ ሰዉ በየፊናው ጠብታውን ይጠጣ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ልባቸው የሚመታ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ሰውነታቸው ከስቶ አጥንታቸው የሚቆጠር ሰዎች መጡ። ለዓመታት አዮዲን ተርቦ የሰፋ ታይሮይድ ድንገት ሲጎርፍበት ሆርሞኑን ያለ ልክ ሊለቅ ይችላል። እንግዲህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ተቃውሞው በረታ፣ አዮዲን የመርዝ ስም ወጣለት፣ ነገሩ ተድበሰበሰ።

«መጠኑን እንቀንስ» ብሎ እስከ መጨረሻው የገፋበት ብዙም አልነበረም። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። መድኃኒት ነው ብለው ስለያዙት ነው። መድኃኒት ደግሞ እንዲሠራ ጠንከር ማለት አለበት ተብሎ ይታመን ነበር።

አዮዲኑ ሲወድቅ መስኩ ለቢላዋ ቀረ። ኮኸር ጎበዝ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ በዕድሜው ከ5000 በላይ የታይሮይድ ቀዶ ጥገና አድርጓል። በ1874 የአንዲት የ11 ዓመት ልጅን ዕጢ ሙሉ በሙሉ አወጣ። ቀዶ ጥገናው የተሳካ ነበር። ከዓመታት በኋላ በድጋሚ ሲያያት ግን ደነገጠ። ድሮ የምትመስላት እህቷ አድጋ ጎልምሳለች። እሷ ግን ቁመቷ ባለበት ቆሟል፣ ፊቷ አብጧል፣ አእምሮዋ ደንዝዟል። ሌሎቹን ዕጢያቸውን ሙሉ ያወጣላቸውን ሰዎች አስጠርቶ ቢመረምር የአብዛኞቹ ነገር ያው ሆነ። ስህተቱን አልደበቀም። በ1883 በይፋ ተናገረው። ታይሮይድ ምን እንደሚሠራ ሳይንስ አጥርቶ ካወቀባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው መጥፎ አጋጣሚ ነው። በ1909 ስለ ታይሮይድ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህ ሰው ራሱ በ1910 አዮዲን ስለሚያስከትለው የታይሮይድ መጣደፍ (ዕጢው ሆርሞኑን ያለ ልክ ስለመልቀቁ) ጻፈ። የኖቤል ተሸላሚ ሲያስጠነቅቅ ማን ደፍሮ አዮዲን ያድላል?

በሌላ በኩል ሃይንሪኽ ቢርኸር የሚባል የአርጋው ካንቶን ሐኪም ነበር። እሱ ጥፋተኛው ውኃው ነው አለ። ከተወሰነ የድንጋይ ዓይነት የሚፈልቅ ውኃ እንቅርት ያመጣል በሚል ካርታ ሳይቀር ሠራ። ሐሳቡ ጅል አልነበረም፤ እንቅርቱ በእርግጥ ከምድሩ ጋር የተያያዘ ነው። ግን ውኃው ውስጥ ያለውን ሲፈልግ፣ የሌለውን ዘነጋ። ልጁ ኦይገን ቢርኸርም ቀዶ ሐኪም ሆኖ የአባቱን ነገር ቀጠለ። ይህን ስም አትርሱት፣ ወደ ኋላ ይመጣል።

በ1914 ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል በምትባል ስፍራ የሚሠራ ሃይንሪኽ ሁንዚከር የሚባል ተራ የሰፈር ሐኪም ነገሩን ገለበጠው። እንቅርት በሽታ ሳይሆን ዕጢው ከአዮዲን እጥረት ጋር ለመኖር የሚያደርገው መላ ነው አለ። እጥረት ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን ምግብ ነው። በየቀኑ፣ በጣም ጥቂት፣ ለዘላለም። እስካሁን የተሰጠው ሁሉ ያለ ቅጥ ብዙ ነበር። የጉዳዩ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው፤ ላቦራቶሪ የለው፣ ማዕረግ የለው፣ ሐሳብ ብቻ።

ሐሳቡን መሬት ያወረደው ኦቶ ባያር ነው። ባያር በቫሌ ካንቶን፣ ወደ ዘርማት በሚወስደው ሸለቆ የሚሠራ የተራራ ሐኪም ነበር። በ1918 ከሸለቆው በላይ 1600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወዳለችው ግሬኸን መንደር ሄደ። በዚያች መንደር እንቅርት የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ፖታሲየም አዮዳይድ የሚባል የአዮዲን ውህድ ከገበታ ጨው ጋር ደባልቆ ለተወሰኑ ቤተሰቦች ሰጠ። ለአንዱ ቤት ትንሽ፣ ለሌላው ትንሽ ከፍ ያለ። ሌላ ምንም አልጠየቃቸውም። እንደወትሮው አብስሉ፣ እንደወትሮው ብሉ።

ወራት አለፉ። አንገቶች ቀነሱ፣ በተለይ የልጆቹ። የሚንቀጠቀጥ አልነበረም፣ የከሳ አልነበረም። አነስተኛው መጠንም ሠራ።

በዛሬው መስፈርት ካየነው የባያር ሙከራ ብዙ ጉድለት አለው። ቤተሰቦቹ ጥቂት ናቸው። በዕጣ አልተመረጡም። እንቅርት በእጅ ዳሰሳና በሜትር ነው የሚለካው። ግን አንድ ነገር ከሁሉ በፊት አደረገ፤ የተለያየ መጠን ጎን ለጎን አስቀምጦ «የሚበቃው ትንሹ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። መቶ ዓመት ሙሉ ያልተጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነበር።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥም ተመሳሳይ ሥራ ነበር። ዴቪድ ማሪንና ኦሊቨር ኪምቦል ከ1917 ጀምሮ በኦሃዮዋ አክሮን ከተማ ለሴት ተማሪዎች ሶዲየም አዮዳይድ ሰጡ። ከወሰዱት 2190 ተማሪዎች እንቅርት ያወጡት 5 ብቻ ነበሩ። ካልወሰዱት 2305 ግን 495። የማያሻማ ውጤት ነው። ልዩነቱን ግን አስተውሉ። አክሮን ላይ የተሰጠው በሁለት ሳምንት 2 ግራም ነው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ። አሁንም የመድኃኒት አስተሳሰብ። ባያር ጨው ውስጥ የጨመረው ከዚህ ጋር ሲተያይ አቧራ ነው።

በጥር 1922 የስዊዘርላንድ የእንቅርት ኮሚሽን ተቋቋመ። ሊቃውንቱ ተሰበሰቡ፣ የባያርን ውጤት ሰሙ፣ ተከራከሩ። ሁሉም ጥንቃቄ አብዝቷል። የሄሪዛው ሆስፒታል ዋና ሐኪም ሃንስ ኤገንበርገር ግን አልጠበቀም። ሄሪዛው በአፐንዜል አውሰርሮደን ካንቶን ያለች ከተማ ናት። እሱ በሚያዋልድበት ሆስፒታል ሕፃናት ከእነ እንቅርታቸው ይወለዱ ነበር፤ ስለዚህ ጥድፊያው ይገባኛል። በየስብሰባው እየዞረ ለሕዝቡ አስረዳ። በስዊዘርላንድ ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ ጥያቄውን ለመንግሥት ማቅረብ ይችላል። ፊርማው ተሰበሰበ። የካቲት 1922 ካንቶኑ አዮዲን ያለው ጨው መሸጥ ጀመረ፣ ኮሚሽኑ የራሱን ምክር ገና ሳያወጣ። ኮሚሽኑ በሰኔ ተከተለ።

ጨው ለምን ተመረጠ? ሀብታሙም ድሃውም፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም በየቀኑ በግምት የታወቀ መጠን ይበላዋል። ከዚህ በላይ ግን በስዊዘርላንድ የጨው ንግድ የካንቶኖች ሞኖፖል ነበር። የአገሩ ጨው አብዛኛው የሚመጣው በራይን ወንዝ ዳር ካሉ ጥቂት ማምረቻዎች ነው። ጥቂት ቦታ ላይ ብትደባልቅ አገር ሙሉ ይዳረሳል። አዮዲን ያልገባበት ጨውም ለሚፈልግ ቀረለት፤ አስገዳጅ አልነበረም። ይህ ምርጫ ብዙ ጠብ አብርዷል ብዬ አስባለሁ።

ኮሚሽኑ የመከረው መጠን በ1 ኪሎ ጨው 3.75 ሚሊ ግራም አዮዲን ነበር። እስቲ እናስላው። አንድ ሰው በቀን 10 ግራም ጨው ከበላ 37.5 ማይክሮ ግራም አዮዲን ያገኛል። ዛሬ ከሚመከረው 150 ሩብ ያህሉ ነው። ከፍርሃት የተወለደ መጠን ነው። ሆኖም ሠራ።

መጀመሪያ የተለወጡት አራስ ሕፃናት ናቸው። ጨውን የተጠቀሙ እናቶች የሚወልዷቸው ልጆች አንገታቸው ደህና ሆነ። ከዚያ የትምህርት ቤት ልጆች። ለውትድርና የሚመለመሉት ዘግየት አሉ። አዛውንቶቹ ላይ ለውጡ ሙሉ አልነበረም፤ ለዓመታት የሰፋና ውስጡ ጓል የቋጠረ ዕጢ በአዮዲን ወደ ቦታው አይመለስም። ክሬቲኒዝምን በሚመለከት ግን ያለው መረጃ አጭር ነው። ከ1930 በኋላ የተወለደ አዲስ ታማሚ አልተገኘም።

ሁሉም ግን አልተደሰተም። ያ አትርሱት ያልኳችሁ ኦይገን ቢርኸር አዮዲን ያለው ጨው ሕዝብን ይመርዛል ብሎ ዘመቻ ያዘ። በካንቶኑ በአርጋው ተሰሚ ሰው ነበር፤ ፖለቲከኛና የጦር መኮንንም ነበር። እያንዳንዱ ካንቶን ለራሱ የሚወስን ስለሆነ አርጋው በሩን ዘጋ። እስከ 1952። የመጨረሻው ካንቶን እሱ ነው። ሦስት አሥርት ዓመታት ልዩነት።

ለቢርኸር ፍትሐዊ ልሁን። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። አዮዲን በተራበ አገር ላይ ጨው ሲቀየር፣ አሮጌ እንቅርት ካላቸው አዋቂዎች ጥቂቶቹ ላይ ታይሮይዱ ሊጣደፍ ይችላል። ይህ ዛሬም የታወቀ ነው፤ መጠኑ ቀስ ብሎ እንዲያድግና ክትትል እንዲኖር የሚደረገው ለዚህ ነው። የቢርኸር ጥፋት አደጋውን ማየቱ አይደለም። በሌላው ሚዛን ላይ ያለውን ልጅ አለማየቱ ነው።

የመጠኑ ነገር በ1922 አላበቃም። በ1962 ወደ 7.5 ሚሊ ግራም ከፍ አለ። በ1980 ወደ 15። በ1998 ወደ 20። በ2014 ወደ 25። ይህ ሁሉ ጭማሪ ለምን? አፈሩ አልተለወጠማ። በረዶው የጠረገው አዮዲን አይመለስም። የተለወጠው አበላላችን ነው። ለደም ግፊት ሲባል ጨው ቀንሱ ይባላል፤ ትክክል ነው፣ የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። በ25 ሚሊ ግራም ሒሳብ 5 ግራም ጨው 125 ማይክሮ ግራም ይሰጣል። ቀሪውን ወተትና እንቁላል ይሞሉታል። ጨው የሚቀንስ ሰው አዮዲን እንዳይቀንስ የሚደረገው እንዲህ ነው።

ሌላም አለ። ዛሬ አብዛኛው ጨው ከማዕድ ቤት ማሰሮ አይመጣም። ከዳቦ፣ ከአይብ፣ ከታሸገ ምግብ ነው የሚመጣው። ጋጋሪው ወይም ፋብሪካው ተራ ጨው ከተጠቀመ እቤት ያለው ባለ አዮዲን ጨው ብዙም አያግዝ። በስዊዘርላንድ የምግብ አምራቾች ባለ አዮዲን ጨው እንዲጠቀሙ አይገደዱም። የነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች አዮዲን ጠርዝ ላይ መሆኑ በተደጋጋሚ የታየውም በዚያው አገር ነው። አረጋውያኑ ያስታውሱት የነበረው እንቅርት ከዓይን ሲጠፋ፣ ለምን ጨው ውስጥ አዮዲን እንደገባም አብሮ ተረስቷል። ወተት የማይጠጣና ዓሣ የማይበላ ነገር ግን ሮዝ የተራራ ጨው የሚገዛ ወጣት ደህና የሚበላ ይመስለዋል። የፓኬቱን ጀርባ ቢያነብ አዮዲን የሚል ቃል አያገኝም።